የልጄ ሰማኒያ ሁዳዴ ላይ ዋለ፤ ክርስትናዋ ይቆይ?

ጠያቂዋ፦ ሴት ልጄ 80 ቀን የሚሞላት ከገብር ኄር (ከሁዳዴ ስድስተኛው እሑድ) በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ባለቤቴና አማቴ «ፋሲካ ይለፍና በሬ ጥለን፣ ዘመድ ጠርተን በወጉ እናድርገው» ይላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሥጋው አይደለም። የክርስትና እናት እንድትሆናት የምፈልጋት አብሮ አደጌ ያለችው ቨርጂኒያ ነው። ትኬት የቆረጠችው ለዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው። እስከዚያ ከጠበቅኩ ልጄ 106 ቀኗ ይሆናል። ምን ትላላችሁ?

የሦስት ልጆች እናት፦ በቀኗ አስነሺያት እንጂ! የእኔም ሁለተኛ ልጅ 40ው የዋለው ሁዳዴ ላይ ነበር። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ። ርቦት የሄደ ሰው የለም። ስልጆውንማ እስከ ዛሬ የሚያነሱብኝ አሉ።

አባወራው፦ አባቴ ከጎጃም ድረስ መጥቶ በስልጆ ብሸኘው ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ይኖራል። ክርስትና የሕፃኗ ብቻ ሳይሆን የዘመድ አዝማዱም ቀን ነው። ሥጋ የሌለበት ድግስ ለቅሶ ይመስላል።

የሦስት ልጆች እናት፦ አባትህ ከጎጃም መጥተው ሁዳዴን ሊገድፉልህ ነው?

አባወራው፦ ኧረ እሳቸው! ለዚህ እኮ ነው ፋሲካ ይለፍ የምለው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ሁሉም እንደ ልቡ ይበላል።

ዲያቆን ነኝ፦ ድግሱና ጥምቀቱ በአንድ ቀን ይሁን ያለው ማን ነው? ልጅቷን በቀኗ አስጠምቁ፣ በሬውን ለፋሲካ ማግስት ጣሉ። ድግስ ይቆያል፤ ሕፃን ግን ሳይቆርብ እንዲቆይ አይመከርም። ቢታመምማ 40 እና 80 እንኳ ሳይጠበቅ ይጠመቃል። ሌላም ነገር አለ፦ በሰሙነ ሕማማት ጥምቀተ ክርስትና አይፈጸምም። ስለዚህ «ትንሽ ይቆይ» እያላችሁ ሆሳዕና ካለፈ ወደዳችሁም ጠላችሁም ፋሲካን ልትጠብቁ ነው።

ለምን ሰማኒያ፦ ከርዕስ ልውጣ መሰለኝ፤ ግን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 የሆነበትን ምክንያት በቅጡ የነገረኝ ሰው የለም።

ዲያቆን ነኝ፦ ዘሌዋውያን 12ን ተመልከቺ። ወንድ ለወለደች እናት 7 እና 33 ቀን፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66 ቀን፤ ድምሩ 40 እና 80 ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ሕፃናቱም በዚያው ቁጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ።

ጴንጤው ጎረቤት፦ እኛ ሕፃኑን እናስባርካለን፣ ሲያድግና ሲያምን ራሱ ይጠመቃል። ከቀን ቆጠራ ተገላገልን 😄

የሦስት ልጆች እናት፦ «እኛ» ማለትህ ማንን ነው? መካነ ኢየሱሶች ሕፃን ያጠምቃሉ።

ጴንጤው ጎረቤት፦ ተሸንፌያለሁ። ክትፎ ካለ ግን ጥሩኝ።

ያሳደገች ታውቃለች፦ ማክሰኞ መሆኑን አስባችሁበታል? በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ነው። ሳይቆርቡ ጡት አይሰጥም። በረሃብ የምታለቅስ ሕፃን ታቅፎ መቆም ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ስለሚቀደስ ለሚቀጥለው እሑድ፣ ለኒቆዲሞስ ብታደርጊው ይሻላል።

አባወራው፦ ኒቆዲሞስ ላይ 85 ቀኗ ነው። 85 ከተቻለ 106 ለምን አይቻልም? ለሕፃኗ ሆድ አምስት ቀን ስትጨምሩ ምንም አላላችሁም፤ ለአያቷ ስንጨምር ኃጢአት ሆነ።

(እዚህ ላይ ለትንሽ ጊዜ የመለሰለት ሰው አልነበረም።)

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ አሜሪካ 40 ቀን በትክክል 40 ሲሆን አላየሁም። ሥራ አለ፣ ሁሉም ነገር ቅዳሜና እሑድ ነው። የእኔ ልጅ በ47 ነው የተነሳው። የሚቆጨኝ ቀኑ አይደለም፣ የክርስትና አባቱ ነው። የዚያን ዕለት የተመቸውን ሰው አቆምን፤ ሰውየው ሌላ ስቴት ገባ፣ ልጁ መልኩን እንኳ አያውቀውም። አበልጅ ማለት ዝምድና ነው፤ ልጆቻችሁ አይጋቡም እስከ ማለት የሚደርስ ዝምድና። ለእሱ 26 ቀን ብዙ ነው?

የመርካቶ ልጅ፦ ራስህ መለስከው እኮ ወንድሜ። ቨርጂኒያ ያለችውስ ለዚህች ልጅ ምን ልታስተምራት ነው? የእኔ የክርስትና እናት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበሩ። ማማተብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማተቤ ሲበጠስ አዲስ ክር የሚያስሩልኝም እሳቸው። የክርስትና ስሜን ቤተሰቤ ሲረሳው «ወለተ ማርያም» ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የክርስትና እናት ልብስና ጫማ ላኪ አይደለችም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይቺ ወጋችኝ። ግን በየሳምንቱ የሚደውልም አለ፤ ግድግዳ እየተጋራ የማይጠይቅም አለ።

እቁብ የበላው፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ለበኩር ልጄ አዳራሽ፣ ካሜራ፣ ዲጄ ብዬ የደረሰኝን እቁብ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ልጁ ሙሉውን ቀን ተኝቶ ዋለ። የጾም ድግስ ቢያንስ ኪስ አይጎዳም።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ንስሐ አባቴንም ጠየቅኳቸው። «ልጅቷን አቁርቡ፤ በሬው የትም አይሄድም» አሉኝ። ማታ ለአብሮ አደጌ ደወልኩ። ዝም አለች፣ ቀጥላ «እኔ ከሌለሁ ማን ሊቀበላት ነው?» ብላ አለቀሰች፤ ትኬቱን ለመቀየር እየሞከረች ነው። ካልተሳካላት የታችኛውን ቤት ጎረቤቴን እለምናለሁ፤ የመርካቶዋ እህት ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ ለኒቆዲሞስ ተስማምቷል። አማቴ ግን እስካሁን አኩርፈዋል። የሦስት ልጆች እናት፣ የስልጆውን አሠራር በውስጥ መስመር ላኪልኝማ።