«ፋሲካ» የሚለው ስም ከዕብራይስጥ ወደ ግእዝ የመጣበት መንገድ

«ፋሲካ» የሚለው ቃል ደስታ የሚል ፍቺ ካለው «ፍሥሓ» ከተባለው የግእዝ ቃል እንደ ተገኘ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በዓሉ የደስታ በመሆኑ ፍቺው ለጆሮ ይጥማል፤ የቃሉ ፊደላት ግን አይደግፉትም። «ፈሥሐ» በንጉሡ «ሠ»ና በሐመሩ «ሐ» የሚጻፍ ግስ ሲሆን፣ በ«ፋሲካ» መጨረሻ የምናገኘው «ካ»ን ነው፤ ግእዝም «ሐ»ን ወደ «ከ» የሚለውጥበት ልማድ የለውም።

መነሻው ዕብራይስጡ «ፔሳሕ» ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እስራኤል ከግብፅ በወጡበት ሌሊት የሚታረደው ጠቦትም ሆነ በዓሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። የዕብራይስጥ ዘመድ የሆነው የአራማይክ ቋንቋ «ፓስሓ» ብሎ ጠራው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪትን ወደ ጽርእ (ግሪክኛ) የመለሱት ሊቃውንትም ይህን መልክ ተከተሉ፤ ነገር ግን ጽርእ የ«ሐ» ፊደል ስለሌለው በምትኩ «ኺ» የተባለውን ፊደሉን አስገቡ። ግእዝ ይህን ፊደል በ«ከ» እንደሚቀበል «ክርስቶስ» የሚለው ስም ራሱ ይመሰክራል። ለእኔ ወሳኙ ማስረጃ ይህ ነው፤ ቃሉ በቀጥታ ከዕብራይስጥ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ የራሱ «ሐ» ያለው ግእዝ ድምፁን የሚተውበት ምክንያት አልነበረውም።

ባዕድ ቃልን በራስ ቋንቋ ፍቺ መተርጐም የእኛ ብቻ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዓመት የሰርዴሱ ጳጳስ ሜሊጦን ስሙን መከራ መቀበል ከሚለው የጽርእ ግስ ጋር አያይዞት ነበር፤ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ ግን ቃሉ ዕብራይስጥ እንደ ሆነና መሻገርን እንደሚያመለክት አስረድቷል።

ጣሊያንኛ «ፓስኳ»፣ ሩሲያኛ «ፓስኻ» ብለው ድምፁን ሲወርሱ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው ዊሊያም ቲንዴል ግን ማለፍ የሚለውን ፍቺ ይዞ «ፓስኦቨር» የሚል ቃል አበጀ። ስለዚህ እንግሊዝኛ የአይሁድንና የክርስቲያኖችን በዓል በሁለት ስም ሲለይ፣ አማርኛና ጣሊያንኛ አንዱን ስም ለሁለቱም ስለሚጠቀሙ «የአይሁድ» የሚል ቅጽል መጨመር ያስፈልጋቸዋል።

ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ ሳሉ የኦሪቱን በዓል የሚጠሩት ይህንኑ በጽርእ በኩል የመጣ ስም ይዘው «ፋሲካ» ብለው ነበር። ዛሬ በእስራኤል የሚሰሙት የዕብራይስጡን ስም ነው፤ በዘመናዊው ዕብራይስጥ ደግሞ አብዛኛው ሰው የጥንቱን «ሕ» እንደ «ኽ» ስለሚያነበው፣ ስሙ «ፔሳኽ» ተብሎ ይነገራል።