ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ላሉ ኬዝ ወርከሮች (የስደተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች) እና አስተርጓሚዎች ምን ዓይነት ድጋፍ ይዘጋጅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 12 ኬዝ ወርከሮችና 5 የኑዌር አስተርጓሚዎች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ግድያና መደፈር ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ፋይል ላለመክፈት ሰበብ መደርደር እየበዛ ነው። በጀት የለም ማለት ይቻላል። ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ሁሉንም ሰብስቦ ዲብሪፊንግ ማድረግ ይበቃል?

መልስ 1፦ ዲብሪፊንጉን ተዉት። ሰውን ሰብስቦ የደረሰበትን ከነስሜቱ እንዲተርክ ማድረግን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም፤ ያላየው ሰው ጭምር የሌላውን ይዞ ይወጣል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ይበቃል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። ዝም ያለውን አትጎትጉቱት።

ቋሚ ሱፐርቪዥን (ስለያዙት ጉዳይና ስለሚያሳድረው ጫና ከባለሙያ ጋር መነጋገር) ግን የግድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ በቡድን 6 ሰው፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። የሚመራው የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው አለቃ ከሆነ አለቀለት፤ «ደክሞኛል» ያለ ሰው ኮንትራቴ አይታደስም ብሎ ይፈራል፣ ውይይቱም ሪፖርት ሆኖ ያርፋል። ከሌላ ካምፕ ወይም ከሌላ ድርጅት ባለሙያ ተለዋወጡ፤ ወጪው ትራንስፖርት ብቻ ነው።

መልስ 2፦ አስተርጓሚዎቹ ይቅደሙ። «ልጄን ገደሉብኝ» የሚለውን በራሳቸው አፍ፣ በ«እኔ» ነው የሚናገሩት። ብዙዎቹ ራሳቸው ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ናቸው፤ ማታም የሚመለሱት እዚያው ካምፕ፣ ከባለጉዳዩ ጎረቤት ነው። ከቃለ መጠይቁ በፊት 5 ደቂቃ ስለ ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ሲያልቅ 10 ደቂቃ ስጧቸው። ከባድ ጉዳይ በቀን ከ3 አይብለጥ፤ በመሃል የምዝገባ እርማት የመሰለ ቀላል ሥራ አስገቡ። ምክንያት ሳይጠየቁ «ይሄን አልተረጉምም» የማለት መብትም ይኑራቸው፤ ባለታሪኩ የመንደራቸው ሰው ሊሆን ይችላል።

መልስ 3፦ በየሳምንቱ ቡና ማፍላት ደግ ነው፣ ሱፐርቪዥን ግን አይተካም። አቦል ላይ ሳቅ፣ በረካ ላይ የደመወዝ መዘግየት ይነሳል (እሱም እኮ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ)። የዓመት ፈቃድ አይጠራቀም፤ በየሩብ ዓመቱ ቢያንስ 5 ተከታታይ ቀን ይውጡ። ድብርት ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት 2 ሳምንት ካለፈው፣ ቅዠቱና የትዝታው ድንገት መምጣት ከወር ከዘለለ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይላክ። ስለ ራሱ መሞት ካወራ በዚያው ቀን፣ ብቻውንም አይተው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሴት አስተርጓሚ ያለችው አንድ ብቻ ናት፤ እሷ እምቢ ካለችስ?

መልስ 2፦ ከሌላ ካምፕ በስልክ። ቀድማችሁ ባለጉዳይዋን አስፈቅዱ። ድምፅ ማጉያ ስለሚከፈት ክፍሉ የተዘጋ ይሁን፣ የባለጉዳይዋ ስምም አይጠራ።