ለ60 ሴንቲሜትር የዓሣ ገንዳ የፍሎረሰንት ክዳን፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ወገኖች። ለስብሰባው የምናቀርበው ረቂቅ ይህ ነው፦ 12 አባላት ዕቃውን በጋራ ገዝተን አንድ ዓይነት የመብራት ክዳን እንሥራ። መነሻችን 60 በ30 በ36 ሴ.ሜ የሆነው ገንዳ ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሁለት ባለ 18 ዋት ፍሎረሰንት፣ 865 የሚል ቁጥር ያለባቸው። ጃቫ ፈርን፣ አኑቢያስና ቫሊስኔሪያ ለተባሉት የውኃ ተክሎች በደንብ ይበቃል። 765 የሚለውን አንግዛ፤ ዋትና ቁመቱ እኩል ሆኖ ብርሃኑ ያንሳል፣ የዓሣውንም ቀለም አደብዝዞ ያሳያል። ባላስቱን (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነውን ዕቃ) ኤሌክትሮኒክ ብያለሁ፤ እርማት ካለ አምጡ።

ከፒያሳ፦
መጀመሪያ ልኩን እናስተካክል። “የ60” የምንለው ፍሎረሰንት ከነእግሮቹ ጫፍ እስከ ጫፍ 60.4 ሴ.ሜ ነው። የአምፖሉን ጫፍ የሚይዘው፣ ውኃ የማያስገባው የጎማ ሆልደርና ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ ሲጨመር፣ ክዳኑ በውስጥ 66 ሴ.ሜ ካልሆነ አይበቃም። ስለዚህ ክዳኑ ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ አፉ ላይ ተቀምጦ በግራና በቀኝ 4.2፣ 4.2 ሴ.ሜ ከነሳንቃው ውፍረት ይወጣል። ይህን ረስቶ በ60 ያስቆረጠ ሰው ሳንቃውን ሁሉ ይጥላል።

ሳንቃው 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ከፍታው 10 ሴ.ሜ። ውስጡ ሁለት ጊዜ ነጭ የዘይት ቀለም ይቀባ፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ውኃ ላይ አይቀመጥ። የተቆረጠው ጠርዝ ቀለሙን ስለሚመጥ ሦስተኛ ይጨመርለት፤ ኮምፔንሳቶ የሚያብጠው ከጠርዙ ነው። የምግብ ፎይል ለማንጸባረቂያ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ በስልክ ደርሶኛል፤ አልደግፈውም። እርጥበት ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ የተንጠለጠለው ፎይል ደግሞ ሆልደር ላይ ካረፈ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ነጭ ቀለም ይበቃናል። በአምፖሎቹና በውኃው መካከል 4 ሚሊ መስታወት ይግባ፣ በየሳምንቱም ይጠረግ። የደረቀ የውኃ ጠብታ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ብርሃኑን ይቀንሳል።

ከካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ረቂቅዎ ጥሩ ነው፤ ባላስቱ ላይ ግን እለያለሁ። ኤሌክትሮኒክ ቀላል ነው፣ አይርገበገብም፣ ስታርተርም (አምፖሉን ሲበራ የሚያስነሣው ትንሽ ዕቃ) አይፈልግም። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። የጥቅልል ሽቦው ባላስት ይህን ይችለዋል።

ሁለተኛው ምክንያቴ የአምፖሉ ዕድሜ ነው። ሜርኩሪን ለመቀነስ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ እነዚህን ቀጥ ያሉ ፍሎረሰንቶች ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ እንዲቆም ተስማምተዋል። ነገ አምፖሉ ከገበያ ሲጠፋ ክዳኑ ቆሻሻ እንዳይሆን ከአሁኑ እናስብ። በጥቅልል ባላስት የሚሠራ የኤልኢዲ ዘንግ ስታርተሩን አውጥቶ አብሮት የሚሸጠውን መተኪያ በመክተት ብቻ ይገጠማል፤ ሆልደሩም ሽቦውም አይነካም። በኤሌክትሮኒክ ባላስት ግን ሁሉም ዘንግ አይስማማም።

ከአራት ኪሎ፦
ፍጆታውስ?

ከካዛንቺስ፦
ይጨምራል። እያንዳንዱ ባላስት ወደ 9 ዋት በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ሁለቱ አምፖል ከነባላስታቸው 54 ዋት ገደማ ይሆናሉ። በቀን 8 ሰዓት ሲበራ በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኤሌክትሮኒኩ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይወርድ ነበር። ልዩነቱን አልደብቅም፣ ሆኖም እከፍለዋለሁ።

አንድ ባለ 36 ዋት ባላስት ለሁለት አምፖል በተከታታይ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) ማሠራትም ይቻላል፤ ርካሽ ነው። ግን አንዱ አምፖል ሲሞት ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ከ4 እስከ 22 ዋት የሚል ለተከታታይ የተሠራ ስታርተርም ይፈልጋል፣ የተለመደው ከ4 እስከ 65 የሚለው እዚያ በትክክል አያስነሣም። ለየብቻ እናድርገው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ባላስት የሚያይ ሰው ጽሑፉን ያንብብ፦ 18 ዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። 60 ኸርዝ የሚለው በእኛ መስመር ከልክ በላይ ይሞቃል። ባለ 36ቱን ለአንድ ባለ 18 መስጠት ደግሞ የአምፖሉን ጫፍ ቶሎ ያጠቁራል።

ከልደታ፦
ባላስት ክዳኑ ውስጥ አይግባ፤ ይህ በረቂቁ ላይ በጉልህ ይጻፍልኝ። ከእርጥበቱ ሌላ ሙቀቱ ውኃውን ያሞቃል። ሁለቱም ባላስትና ሁለቱም ስታርተር አየር ማስገቢያ ባለው የላሜራ ሳጥን ውስጥ ሆነው ከገንዳው ጎን ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ከገንዳው ሥር አይሆንም፤ የሚያፈስ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ከአንድ አምፖል 4 ሽቦ ስለሚወጣ ከክዳን ወደ ሳጥን 8 ሽቦ ይሄዳል።

ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ይመለስ፤ ጠብታው ከታችኛው እጥፋት ላይ ይወድቃል እንጂ ስፒናው ውስጥ አይገባም። ዲቫይደር ወለል ላይ አይቀመጥ። ሳጥኑ ኧርዝ ይታሰር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር የሆነ የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ) በየቤቱ ይግባ። ኧርዝ የሌለው አሮጌ ቤትም ቢሆን ሰው ሲነካ ይቆርጣል። ይህን የማይገጥም አባል ክዳኑን ባይወስድ እመርጣለሁ። እጅ ውኃ ውስጥ የሚገባው ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ነው።

ከፒያሳ፦
እህታችን በተናገረችው ሁሉ እስማማለሁ። ሰዓት ቆጣሪውን ልጨምር። የሚሽከረከረው ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ 3 ሰዓት ከጠፋ መብራታችን 3 ሰዓት ዘግይቶ ይበራል፣ ዘግይቶም ይጠፋል። ባትሪ ያለውን ዲጂታል እንግዛ። ሲሞላ ደግሞ ከ10:00 እስከ 18:00 ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 4 እስከ ማታ 12። በእኛ አቆጣጠር 4:00 ብሎ የሞላ ሰው ዓሣውን በሌሊቱ 10 ሰዓት ይቀሰቅሰዋል። ከ8 ሰዓት አናስበልጥ፤ አልጌ (ገንዳውን የሚያለብሰው አረንጓዴ ነገር) የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በተለይ መስኮት አጠገብ ላለ ገንዳ።

ከካዛንቺስ፦
የጥገና ገጽ ይኑረው። ሁለቱ ጫፍ ብቻ ቀልቶ መሃሉ ካልበራ ስታርተር ይቀየር። ጫፉ ጠቁሮ ብልጭ ድርግም ካለ አምፖሉ አልቋል፤ ቶሎ ይውጣ፣ አለዚያ ስታርተሩንም ይገድላል። አምፖሉ ሜርኩሪ ስላለበት ከተሰበረ መስኮት ተከፍቶ 15 ደቂቃ ከክፍሉ ይወጣ፤ ስብርባሪው በጠንካራ ወረቀት ይዛቅ፣ ብናኙ በናስትሮ ይነሣ። መጥረጊያ አይነካው፣ ያበነዋል።

ከአራት ኪሎ፦
ተቀብያለሁ፤ ኤሌክትሮኒኩን ሰርዣለሁ። የተስተካከለው ግዢ ለ12 ክዳን፦ አምፖል 26 (2 መጠባበቂያ)፣ ባላስት 24፣ ስታርተር 30፣ የጎማ ሆልደር 48፣ የላሜራ ሳጥን 12፣ የፍሳሽ ብሬከር 12፣ ዲጂታል ሰዓት ቆጣሪ 12፣ በክዳን 15 ሜትር ታስቦ 180 ሜትር ሽቦ፣ ለስፒና ባለ 3 ክር ገመድ 36 ሜትር። መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ዋጋ የሚጠይቁልን የካዛንቺሱ ወንድማችንና የልደታዋ እህታችን ይሁኑ። ሆልደሩን ሳትለኩ አትግዙ፤ የአምፖላችን ውፍረት 26 ሚሊ ነው፣ የቀጭኑ የ16 ሚሊ ጎማ አይገባለትም።

ከልደታ፦
እሺ ጋሼ። አንድ አምፖል ይዘን እንሄዳለን።