ኤልኤፍኤስ፦ ጂሲሲ ሁለተኛ ዙር ላይ «ኪልድ» እያለ ይቆማል፣ መብራት ከሄደ ወዲህ ደግሞ ሌላ ስህተት

የማራኪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሊኑክስ ፍሮም ስክራች (ኤልኤፍኤስ) መጽሐፍ መሠረት የራሴን ሲስተም ከሶርስ ኮድ እየገነባሁ ነው። ማሽኑ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፦ 4 ኮር፣ 4 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ የሌለው። የምሠራው ከኡቡንቱ ላይ ሆኜ ነው፤ ለአዲሱ ሲስተም 30 ጊጋ ፓርቲሽን ለይቻለሁ። ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ የጂሲሲ (ሶርስ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ሁለተኛ ዙር «ኪልድ፣ ሲሲዋንፕላስ» ብሎ ይቆማል። ትናንት ማታ ደግሞ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሜክን (ግንባታውን የሚመራውን ፕሮግራም) ካቆመበት ባስቀጥለው ሊንከሩ (ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመው) አንዱን የኦብጀክት ፋይል «የተቆረጠ ነው፣ አላውቀውም» አለ። ከቢንዩቲልስ (ሊንከሩ ካለበት የመጀመሪያ ፓኬጅ) ጀምሬ ልድገመው ወይስ የሚተርፍ አለ? የጎንደርን መብራት ታውቁታላችሁ፣ ከዚህ በኋላስ እንዴት ልቀጥል?

ጃንተከል፦
ሁለቱ ስህተቶች አይገናኙም። «ኪልድ» የራም እጥረት ነው። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች) አይተህ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ካገኘህ፣ ኮምፓይለሩን የገደለው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ነው። መጽሐፉ ሜክፍላግስ የሚባለውን ተለዋዋጭ በኮሮችህ ቁጥር ስለሚሞላው አራት ኮምፓይለር በአንዴ ይነሳል፣ ለዚያ ደግሞ 4 ጊጋ አይበቃም። መጽሐፉም የሚመክረው ቢያንስ 8 ጊጋ ነው፤ ባነሰ ራም አይሠራም ማለት ግን አይደለም።

በኤልኤፍኤስ ተጠቃሚው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ቁጥሩን ወደ 2 አውርደው። ከዚያ ኡቡንቱ ላይ 4 ጊጋ የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያልቅ ዲስኩን እንደ ራም የሚያስጠቅም) ፍጠር፦ በዲዲ ባዶ ፋይል ትሠራለህ፣ ፈቃዱን 600 ታደርጋለህ፣ ሜክስዋፕ፣ ቀጥሎ ስዋፕኦን። ፈቃዱን ሳታስተካክል ካለፍክ ስዋፕኦን ማስጠንቀቂያ ይሰጥሃል። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው የዲስኮች ዝርዝር) ላይ ካልጻፍከው ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ስዋፑ የለም።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ምዕራፍ 7 ላይ ክሩት (አዲሱን ሲስተም እንደ ዋና ሲስተም አድርገህ የምትሠራበት) ስትገባ ባሽአርሲው አይነበብም። የመግቢያው ትእዛዝ ሜክፍላግስን ከኮሮቹ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚሞላው እዚያም 2 በል።

ወይዘሪት ሜክ፦
ስለ ተቆረጠው ፋይል፦ መብራቱ ሲሄድ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግማሹ ወይም ባዶው ቀርቷል። ሜክ የሚያየው የፋይሉን ሰዓት እንጂ ይዘቱን አይደለም። ሰዓቱ ከሶርሱ ስለሚበልጥ «ይሄ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል። አንዱን ፋይል አጥፍተህ ብትቀጥል ስህተት ሳያሳዩ የተበላሹት ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የጂሲሲን ፎልደር ሙሉውን አጥፋ፣ ታርቦሉን (የታሸገውን ሶርስ) እንደገና ፍታ፣ የሚፈልጋቸውን የሒሳብ ላይብረሪዎች፣ ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአር እና ኤምፒሲን፣ ውስጡ መልሰህ አስገባ፣ የሴድ (የጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ) ማስተካከያዎቹን ድገም። ቢንዩቲልስና ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች የሚመኩበት የሲ ላይብረሪ) ተጭነው ካለቁ አትንካቸው።

ከመቀጠልህ በፊት ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚጠፉትን አረጋግጥ። ፓርቲሽኑ ማውንት ሆኗል? ኤልኤፍኤስ የተባለው ተለዋዋጭ በኤኮ ሲታይ ቦታውን ይጽፋል ወይስ ባዶ ነው? የገባኸው በኤልኤፍኤስ ተጠቃሚ ነው ወይስ በሩት? ዋናው አደጋ እዚህ ነው። ተለዋዋጩ ባዶ ሆኖ በሩት ጂሊብሲን ብትጭን የሚገባው ኡቡንቱህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኤልኤስ (ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) እንኳ ላይሠራልህ ይችላል። በኤልኤፍኤስ ተጠቃሚ ከሆንክ ፈቃድ ተከልክለህ ትተርፋለህ።

አዘዞ ማዶ፦
ለምን በቨርቹዋል ማሽን አይሠራውም? መብራት ሊሄድ ሲል ስናፕሾት (የማሽኑን ሁኔታ ቅጂ) ይይዛል።

ጃንተከል፦
4 ጊጋ ራም ለሁለት ተከፍሎ? ለዚህ ማሽን አይሆንም። መብራት ደግሞ መቼ ተናግሮ ይሄዳል!

የማራኪው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዲሜሴጅ ላይ አውት ኦፍ ሜሞሪ አለ፣ ስዋፑንም ሠራሁ። ጂሲሲን እንደ አዲስ ፈትቼ ስጀምር ግን ኮንፊገር (ከግንባታው በፊት የሚሄደው ስክሪፕት) «አዲስ የተፈጠረው ፋይል ከቆዩት ያረጀ ነው፣ ሰዓትህን ተመልከት» ብሎ ቆመ። ይሄስ?

ወይዘሪት ሜክ፦
ዴት ብለህ እየው፣ ዓመቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ባትሪ ብዙ ጊዜ ያለቀ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይመለሳል። ባትሪው ሲአር2032 ነው፣ ሰዓትና ሞባይል የሚጠግኑ ጋ ታገኘዋለህ። እስክትቀይረው ድረስ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን አስተካክል፣ ከዚያ ታርቦሉን ፍታ። በተሳሳተ ሰዓት የተጀመረ ሥራ ካለ «ክሎክ ስኪው» የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ አትለፈው፣ ሜክ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ መለየት አቅቶታል ማለት ነው።

አዘዞ ማዶ፦
ስዋፑ እያለ ደግሞ «ኢንተርናል ኮምፓይለር ኢረር» ካየህና በየጊዜው የሚቆምበት ፋይል ከተለያየ፣ ራሙ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሜምቴስትን (የራም መመርመሪያውን) ሌሊቱን አሳድረው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ግን ራሙን አትጠርጥር።

ጃንተከል፦
ለመብራቱ፦ ቢንዩቲልስ የመጀመሪያ ዙር በአንድ ኮር የፈጀብህን ጊዜ ካልመዘገብክ አሁን መዝግብ፤ 1 ኤስቢዩ የሚባለው እሱ ነው። የእያንዳንዱ ፓኬጅ ኤስቢዩ መጽሐፉ ላይ ስላለ አባዝተህ ግምቱን ታገኛለህ፤ ረጃጅሞቹን መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ጀምራቸው። ምዕራፍ 8 ላይ ብዙ የሚወስደው የጂሲሲ ሙከራ ነው፤ ቢረዝምም አትዝለለው።

ምዕራፍ 7 እንዳለቀ ባክአፕ ያዝ። መጀመሪያ ከክሩት ውጣ፣ ዴቭን፣ ፕሮክን፣ ሲስንና ረንን አንማውንት አድርግ፣ ከዚያ በሩት ሙሉውን በታር አሽገህ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። መጽሐፉ በኤክስዜድ ያሽገዋል፤ በዚህ ማሽን ይዘገያል፣ ጂዚፕ ይበቃሃል።

ስትመልሰው ተጠንቀቅ። መመሪያው መጀመሪያ ወደ ኤልኤፍኤስ ፎልደር ግባ፣ ከዚያ ያለውን ሁሉ አጥፋ ይላል። ተለዋዋጩ ባዶ ከሆነ ሲዲ የሚወስድህ ወደ ሩት የራሱ ቤት ነው፣ የምታጠፋውም እሱን ነው። ፒደብሊውዲ ብለህ የት እንዳለህ ሳታይ ኢንተር አትጫን።