ሮም በነሐሴ፣ ከጾመኛ እናት ጋር፦ ምን እንይ፣ ምን እንብላ?

ጥያቄ (ተጓዧ)

ሰላም ወገኖች። ከነሐሴ 5 እስከ 9፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 11 እስከ 15 መሆኑ ነው፣ ሮም ነን። እኔ፣ የ63 ዓመት እናቴና የ9 ዓመት ልጄ። እናቴ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። ከዚያም በኋላ የጾም ብቻ ነው የምትበላው። የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። የምናርፍበት ቤት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ትንሽ ማብሰያና ፍሪጅ አለው። ኮሎሴየምን፣ ቅዱስ ጴጥሮስን፣ የቫቲካን ሙዚየምን ማየት እንፈልጋለን። ቀኑን እንዴት እንከፋፍለው? 9 ሰዓት ላይ የጾም ምግብ ከየት ይገኛል? ነሐሴ 9 ከተማው ሁሉ ዝግ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ (የቴርሚኒ ጎረቤት)

እህቴ፣ ሁሉም ስለ ሙቀቱ ያስጠነቅቅሻል፤ እናትሽን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ግን የምግብ ቤቶቹ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በር ላይ 15:00 ብለው ከጻፉ የእኛ 9 ሰዓት ነው።

የሮም ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከ6፡30 እስከ 8፡30፣ ቢበዛ እስከ 9 ነው። ከዚያ ምድጃው ይጠፋል፤ የሚለኮሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 1፡30 ላይ ነው። እናትሽ አፋቸውን የሚያሟሹበት ሰዓት ኩሽናው ከሚዘጋበት ጋር ይገጥማል ማለት ነው። በዚህ ላይ በበጋ የሮም ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የሮም 9 ሰዓት ለሰውነታቸው 10 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ የ9 ሰዓቱን ማዕድ ጠዋት ገዝተሽ ቤት አስቀምጪ። ሦስት ዓይነት ቤት ፈልጊ። አንደኛው «ፎርኖ» ነው። እኛ ፉርኖ ዳቦ የምንለው ከዚሁ ቃል ነው፤ እዚያ ግን ዳቦ ቤቱን ራሱን ይሉታል። ብዙዎቹ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጉ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሺ። ሁለተኛው በቁራጭ ፒዛ የሚሸጥበት «ፒዛ አል ታሊዮ» ነው፤ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። የሚሸጡት በሚዛን ነው፤ አንድ «ኤቶ» 100 ግራም ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ኤቶ ይበቃል። ሻጩ ቢላውን ፒዛው ላይ አስቀምጦ «ይህን ያህል?» ብሎ ሲያሳይሽ ዝም ካልሽ ትልቁን ይቆርጥልሻል፤ በእጅሽ አሳዪው። ሦስተኛው «ታቮላ ካልዳ» ነው። የተዘጋጀ ምግብ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥበት ስለሆነ ምን እንደሚገዛ እያዩ መምረጥ ይቻላል።

በበጋ በነዚህ ቤቶች ልትፈልጊው የሚገባ አንድ የሮም ምግብ አለ፦ «ፖሞዶሪ ኮል ሪዞ»። ትልቅ ቲማቲም ውስጡ ወጥቶ ሩዝ ይሞላበታል፤ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ይቀመማል፤ ከድንች ጋር ምድጃ ይገባል። ሥጋም ወተትም የለውም። ሮማውያን ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚበሉት። ግን ሩዝ በ35 ዲግሪ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ሆድ ያበላሻል። ገዝተሽ በቀጥታ ወደ ፍሪጅ፣ ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ማውጣት።

መልስ (ወይራ ዘይት)

በምግቡ ላይ ልጨምር። ለአስተናጋጁ ጾም ምን እንደሆነ ከማስረዳት «ቬጋና» ማለት ይቀላል፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያ «ሴንጻ ፎርማጆ» (ያለ አይብ)፣ «ሴንጻ ቡሮ» (ያለ ቅቤ)፣ «ሴንጻ ኡኦቫ» (ያለ እንቁላል) በይ። «ሴንጻ ካርኔ» ብቻ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ሥጋውን ትተው አይቡን ይነሰንሱበታል።

ያለ ሥጋት የሚታዘዙት፦ ፒዛ «ማሪናራ» (ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት)፤ ስፓጌቲ «አሊዮ፣ ኦሊዮ ኤ ፔፔሮንቺኖ» (ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣ)፤ «ቺኮሪያ ሪፓሳታ»፣ ማለትም ተቀቅሎ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ መረር ያለ ቅጠል፣ ጎመን ለለመደ አፍ ቶሎ የሚስማማ። «ፔኔ አላራቢያታ» ደግሞ ስልሱ የጾም ነው፤ ነገር ግን ፔኮሪኖ አይብ ከላይ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ሲታዘዝ መናገር ነው፣ ከመጣ በኋላ አይደለም።

ሰው የሚሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው። ትኩስ (ያልደረቀ) ፓስታ፣ በተለይ ፌቱቺኔ፣ ሊጡ በእንቁላል የተቦካ ነው፤ ደረቁ ፓስታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። የቦሎቄ ሾርባ ውስጥ የአሳማ ቆዳ ሊገባ ይችላል። የዝኩኒ አበባ ጥብስ ውስጡ ሞዛሬላና አንቾቪ የሚባል ዓሣ አለበት። «ሱፕሊ» የሚባለው የሩዝ ጥብስም ሞዛሬላ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሥጋም ጭምር። አርቲቾክ በሮም ዝነኛ ነው፤ ወቅቱ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነውና በነሐሴ ገንዘብ አታውጪበት።

ጀላቲ ለጾመኛ «ሶርቤቶ» ነው፤ ሎሚና እንጆሪ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ይሠራሉ፤ «ቼ ላቴ?» (ወተት አለው?) ብለሽ አረጋግጪ። በኩባያ ውሰዱ፤ ኮኑ ውስጥ ወተት ሊኖር ይችላል። በቴቬሬ ወንዝ ዳር ባሉ ኪዮስኮች «ግራታኬካ» የሚባል በእጅ የተፋቀ በረዶ በፍራፍሬ ሽሮፕ ይሸጣል፤ ልጁም አያትየውም አብረው ሊበሉት የሚችሉት ነገር ነው።

መልስ (ጥላ ጥላውን)

ስለ ሙቀቱ። በነሐሴ አጋማሽ ከ32 እስከ 36 ዲግሪ የተለመደ ነው፤ አልፎ አልፎም ወደ 40 ይጠጋል። ከሁሉ በፊት እናትሽ ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን ያነጋግሩ፣ ሁለቱንም ከጉዞው በፊት። ከደም ግፊት መድኃኒቶች መካከል ሽንት የሚያበዙ አሉ፤ እነሱን እየወሰዱ፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መራመድ ራስን ያስታል። የነፍስ አባት ለዕድሜና ለሕመም ሰዓቱን ያሳጥራሉ፤ ውኃም ይፈቅዳሉ። ይህን ሮም ደርሶ መወሰን ይከብዳል።

ከቤት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አምስት ስድስት ፓኬት ያዢ፤ አንዱ በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። ጨው ስላለበት እሱንም ሐኪሙን ጠይቂ። 9 ሰዓት ላይ አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ከመጨረስ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ እስከ ማታ መጠጣት ይሻላል። ማዞር፣ የራስ ምታት ወይም የላብ መቆም ካዩ ጾሙ እዚያው ይቁም፤ ወደ ጥላ፣ ውኃ፣ ካልተሻላቸው 112 መደወል።

የመንገድ ውኃ መግዛት አያስፈልግም። በከተማው «ናዞኒ» የሚባሉ ወደ 2,500 የብረት የውኃ መቅጃዎች አሉ፤ ቀን ከሌት የሚፈሰው የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ነው። የቱቦውን ጫፍ በጣት ስትደፍኚው ውኃው በላይኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ከዚያ በአፍ መጠጣት ይቻላል።

ቀኑን እንዲህ ክፈሉት፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት መጎብኘት፤ ከ6 እስከ 10 ቤት፣ መጋረጃ ዘግቶ መተኛት፣ በመሐሉ ማዕድ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና መውጣት። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነውና ጊዜ አይጠባችሁም።

ኮሎሴየም የሚከፈተው 2፡30 ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን መግቢያ ያዙ። ትኬቱ ከ30 ቀን በፊት በኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ይለቀቃል፤ መደበኛው 18 ዩሮ ነው፤ ፎሮ ሮማኖን (የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና አጠገቡ ያለውን የፓላቲኖ ኮረብታ ይጨምራል። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ አይከፍልም፤ ቢሆንም የነጻ ትኬት ካልተያዘለት በር ላይ ትቸገራላችሁ። ፎሮ ሮማኖ ላይ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከኮሎሴየም ስትወጡ ወደ ፓላቲኖ ኮረብታ ውጡ፣ እዚያ ጥላ አለ። ፎሮውን ከላይ ሆኖ ማየት ለእናትሽ ጉልበት ይበቃል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፤ መግቢያው ነጻ ነው። በ1 ሰዓት የሄደ በደቂቃዎች ይገባል፤ በ4 ሰዓት የሄደ አደባባዩ ላይ ጥላ በሌለበት ይሰለፋል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ የእናትሽ ነጠላ ሥራውን ይሠራል። ጉልላቱ 551 ደረጃ አለው፤ በአሳንሰር ቢወጡም 320 ይቀራል፤ መንገዱም እየጠበበ ስለሚሄድ መሐል ላይ መመለስ አይቻልም። እናትሽ ባይሞክሩት ይሻላል።

የቫቲካን ሙዚየም መግቢያ ሌላ ቦታ ነው፤ ከአደባባዩ ግንቡን ይዞ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በሜትሮ ኤ ከቴርሚኒ ስድስተኛው ፌርማታ ኦታቪያኖ ላይ ይወረዳል። በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ብታዩአቸው እመክራለሁ።

ጥያቄ (ተጓዧ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ፒዛ ቢያንካ የጾም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርግጥ ነው? እኔ ደግሞ ያለ ማኪያቶ አልነቃም፤ ለእናቴስ ምን ዓይነት ቡና ልዘዝላት?

መልስ (ወይራ ዘይት)

ፎርኖ ውስጥ የምታገኚው የሮም ፒዛ ቢያንካ አይብ የለውም፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨውና የወይራ ዘይት ነው። ፒዛ ቤት ውስጥ ግን «ቢያንካ» ማለት ቲማቲም የሌለው፣ አይብ የተጫነበት ማለት ነው። ስሙ አንድ፣ ምግቡ ሁለት። አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪ የአሳማ ስብ ስለሚጨምር «ሴንጻ ስትሩቶ?» ብለሽ ጠይቂ። በነሐሴ መጨረሻ በለስ ስለሚደርስ በፒዛ ቢያንካ መሐል በለስ አድርገው ይሸጣሉ፤ የአሳማ ሥጋ እንዳይጨምሩበት ብቻ ንገሪያቸው።

ማኪያቶን በተመለከተ፣ ሮም «ካፌ ማኪያቶ» ካልሽ ትንሽ ስኒ ውስጥ ቡና ከአንድ ጠብታ ወተት ጋር ይመጣልሻል። የአዲስ አበባውን ከፈለግሽ የሚቀርበው ካፑቺኖ ነው። «ላቴ» ብቻ ካልሽ አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጡሻል። ለእናትሽ «ካፌ ሼኬራቶ» እዘዢላቸው፤ ቡና፣ ስኳርና በረዶ ተመትቶ አረፋ የሚያወጣ፣ ወተት የሌለው። «ግራኒታ ዲ ካፌ» ከሆነ «ሴንጻ ፓና» በይ፤ አለበለዚያ ክሬም ከላይም ከታችም ይጭኑበታል። በብዙ ቡና ቤቶች መጀመሪያ «ካሳ» (ገንዘብ መቀበያው) ላይ ተከፍሎ ደረሰኙ ለባሪስታው ይሰጣል። ቆሞ መጠጣት ርካሽ ነው፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ማብሰያ ስላላችሁ አንድ ማታ «ፓስታ ኤ ቼቺ»፣ የሽምብራ ፓስታ፣ ሥሪ። ለሦስት ሰው፦ አንድ የ400 ግራም ጣሳ ሽምብራ፣ 160 ግራም ደቃቅ ፓስታ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አራት ማንኪያ ዘይት። ሽንኩርቱንና ቅጠሉን በዘይት አሙቂ፤ ድልሁን ጨምሪ፤ ከሽምብራው ግማሹን ፍጪው፤ ሁሉንም ከአንድ ሊትር ውኃ ጋር አፍልተሽ ፓስታውን እዚያው ውስጥ አብስዪ። ያልተፈጨ ከሆነ መረቁ ቀጥኖ ይቀራል። ፓስታው ከገባ በኋላ ካላማሰልሽው ደግሞ ሥር ይይዛል። እንጀራ ሲናፍቃቸው በቴርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የጾም በያይነቱም ይገኛል፤ በነሐሴ የሚዘጉ ስላሉ ደውሎ መሄድ ነው።

መልስ (የቴርሚኒ ጎረቤት)

ስለ ነሐሴ 9። ቀኑ «ፌራጎስቶ» ይባላል። ስሙ ከአውግስጦስ ቄሣር በዓል የመጣ ሲሆን ለካቶሊኮች የእመቤታችን ዕርገት ነው፤ እኛ ነሐሴ 16 የምናከብረው ማለት ነው። ከተማው ሁሉ አይዘጋም። የቫቲካን ሙዚየም ግን በዚያ ቀን ዝግ ነው፤ አውቶቡሶች በበዓል ፕሮግራም ይሠራሉ፤ በቤተሰብ የሚተዳደሩ ምግብ ቤቶች ሳምንት ሁለት ሳምንት «ኪዩዞ ፔር ፌሪዬ» (ለዕረፍት ተዘግቷል) የሚል ወረቀት ለጥፈው ይሄዳሉ። የዚያን ቀን አስቤዛ በዋዜማው ግዢ።

ለዚያ ቀን ሳንታ ማሪያ ማጆሬን እመክራችኋለሁ፤ ከቤታችሁ በእግር ይደረሳል። እኩለ ቀን ላይ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ እሷ ክፍት ናት። ውስጧ ያለው የእመቤታችን ሥዕል የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ቅጂውን ወደ አገራችን ካመጡት በኋላ ለኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ምሳሌ የሆነ ነው። በፍልሰታ ለሚሄዱ እናት ከኮሎሴየም ይልቅ ልባቸውን የሚነካው ይህ ይመስለኛል። ፖፕ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2025 እዚያው ስለተቀበሩ ሰልፍ አለ፤ በጠዋት ሂዱ።

ትራንስፖርት፦ 1.50 ዩሮ ትኬት 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ። «ቲ» የሚል ምልክት ካለበት ትምባሆ መሸጫ ይገዛል። አውቶቡስ ውስጥ ማሽኑ ላይ ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ያስቀጣል። 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። እናትሽ ሲደክማቸው በስፔን ደረጃዎች ላይ እንዳይቀመጡ፣ ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው።

መልስ (አሉላ አባ ነጋ)

ለልጁ ሁለት ቦታ ልጠቁም። ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የአውቶቡስ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስያሜው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። ከዚያ ወደ ሪፐብሊካ አደባባይ ሲኬድ፣ ዛፎች መሐል፣ የግብፅ ሐውልት የቆመበት መታሰቢያቸው አለ። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ቆሞ የነበረው፣ ዘርዓይ ደረስም ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ቦታ በሜትሮ ቢ ከኮሎሴዮ ቀጥሎ ያለው ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ከመውጫው በላይ የፋኦን (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንጻ ታያላችሁ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ እዚያ አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር፤ በ2003 ተነቀለ፣ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ቦታው ላይ ተተከለ። አሁን በስፍራው የቀረ ነገር ስለሌለ ልጁ ቦታውን እንዲያውቀው የድሮውን ፎቶ ስልክሽ ላይ ጭነሽ ሂጂ። ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ቀን አደባባዩ ላይ ጥላ አይገኝም።