የምርመራ አድቬንቸር ጌሞችን ታሪክ የሚሸከመው ገጸ ባሕርዩ ነው ወይስ እንቆቅልሹ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

የቆዩ ጌሞችን ለምትወዱ ሁሉ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የምንገናኝ ጥቂት ጓደኛሞች በዚህ ክረምት ሁለት ስመ ጥር የምርመራ አድቬንቸር ጌሞችን (ታሪክ እየተከተሉ እንቆቅልሽ የሚፈቱባቸውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች) አከታትለን ጨርሰን፣ እስካሁን ያልተቋጨ ክርክር ውስጥ ገብተናል። አንደኛው ጄን ጄንሰን ጽፋው ሲየራ የተባለው ኩባንያ በ1993 ያወጣው የ«ጋብርኤል ናይት» የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቻርልስ ሲሲል መሪነት ተሠርቶ በ1996 የወጣው «ብሮክን ሶርድ» ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጋብርኤል በኒው ኦርሊንስ የመጻሕፍት መደብር ያለው፣ ድርሰቱ ግን ያልተሳካለት ሰው ነው። ከተማዋን ያስጨነቀውን ተከታታይ ግድያ መከታተል የጀመረው ለልቦለዱ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነበር፤ ቀን በቀን እየገፋ ሲሄድ ግን ጉዳዩ ከአያት ቅድመ አያቶቹ ከወረደ ዕዳ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ያገኘዋል። ጆርጅ ስቶባርት በአንጻሩ ፓሪስ ውስጥ ቡና ቤት ደጅ ተቀምጦ ሳለ፣ የክላውን ልብስ የለበሰ ሰው ትቶት በሄደው ቦምብ ከመሞት ለጥቂት የተረፈ አሜሪካዊ አገር ጎብኚ ነው፤ በፍንዳታው ከሞተው ሰውም ሆነ በኋላ ከሚመጡት ቴምፕላሮች (በመካከለኛው ዘመን ከነበረው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር) ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

እኔና አንዳንዶቻችን የምንለው፣ በምርመራ ታሪክ ውስጥ ገዳዩን ማወቅ ብቻውን አያረካም፤ መርማሪው ራሱ በነገሩ የሚከፍለው ዋጋ ከሌለ፣ ጌሙ ሲያልቅ ከተጫዋቹ ጋር የሚቀር ነገር አይኖርም ነው። ሌሎቹ ደግሞ የጆርጅ ባዕድነት ነው የሚጠቅመው ይላሉ፤ ተጫዋቹ የማያውቀውን እሱም ስለማያውቅ ሁለቱ እኩል እየተማሩ ይሄዳሉ። እናንተ በየትኛው ትስማማላችሁ? ለመሆኑ በእንዲህ ያለ ጌም ውስጥ የገጸ ባሕርይ ሥራው ምንድን ነው?

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ

ገጸ ባሕርዩን ከእንቆቅልሹ ለይተን የምናይ ከሆነ ከመነሻው የምንሳሳት ይመስለኛል። የመጀመሪያው ጋብርኤል ናይት ጥንካሬ ሁለቱ አለመለያየታቸው ነው። የድምፅ መቅረጫውን አስታውሱ። ጋብርኤል ሰዎችን ሲጠይቅ የሚባለው ይቀረጻል፤ ተጫዋቹም በኋላ መልሶ ሊያደምጠው ይችላል። መቅረጫው ለተጫዋቹ እንደ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ነገር ግን ለመጽሐፉ ወሬ የሚሰበስብ ደራሲ ከእጁ የማይለየው ዕቃም ነው። ጃክሰን አደባባይ ላይ የሚሆነውንም ተመልከቱ። ጋብርኤል የፖሊሱን ሬዲዮ ለመስማት ሲፈልግ፣ ሰው እየተከተለ በምልክት ብቻ የሚጫወተውን የጎዳና ተዋናይ ከኋላው አስከትሎ ወደ ፖሊሱ ይወስደዋል፤ ፖሊሱ ከሞተሩ ሲርቅለት እሱ ሬዲዮውን ያደምጣል። ይህ እንቆቅልሽ ነው፤ ግን ደግሞ ሰውን ለራሱ ጉዳይ መጠቀም የለመደው ጋብርኤል ራሱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ነው። ሌላ ሰው እዚያ ቦታ ቢቆም በዚያ መንገድ አይፈታውም።

ለጋብርኤል የሚከራከሩ ሰዎች ግሬስ ናኪሙራን ሲረሱ ደግሞ አዝናለሁ። መደብሩን እየጠበቀች የጥናቱን ሥራ የምትሠራለት እሷ ናት፤ በንግግሯም ለብልግናው ተመጣጣኝ መልስ አጥታ አታውቅም። ጄንሰን ይህ የገባት ይመስለኛል፤ በ1995 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ታሪኩን ለሁለቱ አካፍላዋለች፤ ጋብርኤል ሙኒክ ላይ ግድያውን ሲከታተል፣ ግሬስ የባቫርያውን ንጉሥ የዳግማዊ ሉድቪግን የተሰወረ ታሪክ ትመረምራለች።

መልስ፣ ከደብረ ሲና

የመሐል ሜዳው ወንድማችን ያሉትን እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ በ1999 ስለወጣው ሦስተኛ ክፍል አንድም ቃል አለመናገራቸው አልገባኝም። እዚያ ጋብርኤል ሞተር ብስክሌት ለመከራየት በጓደኛው በሞዝሊ ስም መቅረብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ድመት በውኃ ረጭቶ በዚያ እንድትሾልክ ያደርጋል፤ ፕላስተሩ ላይ ከቀረው ፀጉር ጢም ሠርቶ በሽሮፕ ከንፈሩ ላይ ያጣብቃል። ሞዝሊ ግን ጢም የለውም! ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ጢም መሳል ደግሞ ሌላ ሥራ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርገው ጋብርኤል አይደለም፤ እንቆቅልሽ ማስገባት የፈለገ ሰው በጋብርኤል እጅ የሠራው ነው። ገጸ ባሕርዩ በዘር ዕዳ የቱንም ያህል ቢከብድ ከዚህ አላዳነውም።

ጆርጅን የምወደው ባዕድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ስለሆነ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የክላውኑን ቀይ አፍንጫ ሳይቀር፣ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል፤ እያንዳንዱም እንደየጠባዩ ይመልስለታል። አብዛኛው መልስ ለፍቺው አይረዳም፤ መልስ ሰጪውን ግን እንድናውቀው ያደርገናል። ፎቶ ጋዜጠኛዋ ኒኮ ኮላርድም ብትሆን በጥርጣሬዋና በቁጥብነቷ ነው የምትታወቀው።

በብሮክን ሶርድ የማልወደው አየርላንድ ያለውን የፍየሉን ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ እያሰብን በእርጋታ የተጫወትነው ጌም፣ ፍየሉ ጆርጅን ገፍትሮ ከጣለው በኋላ ሳንዘገይ ወደ አሮጌው ማረሻ እንድንሮጥ በድንገት ይጠብቅብናል። ችግሩ ከድመቷ ጢም ጋር አንድ ነው።

መልስ፣ ከአንኮበር

ሁላችሁም የምትነጋገሩት ስለ መርማሪው ብቻ ነው። የምርመራ ታሪክ ግን የሚቆመው በተመርማሪዎቹ ይመስለኛል። በ1997 የወጣውን የጆርዳን ሜክነርን «ዘ ላስት ኤክስፕረስ» የተጫወታችሁ ካላችሁ የምለው ይገባችኋል። ጊዜው ሐምሌ 1914፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ነው፤ ባቡሩ ከፓሪስ ወደ ቁስጥንጥንያ ይጓዛል፤ ሮበርት ካዝ የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪም ተሳፍሮ ጓደኛውን በክፍሉ ውስጥ ተገድሎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ አይቆምም። ተሳፋሪዎቹ ተጫዋቹ ኖረም አልኖረም ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ያንሾካሹካሉ፤ እኛ ሌላ ፉርጎ ውስጥ ሳለን የተባለው ሁሉ ያመልጠናል። አና ቮልፍ በቫዮሊን፣ ክሮኖስ በፒያኖ ሙዚቃ የሚያሰሙበትን ክፍል አልረሳውም። ቁጭ ብሎ ማድመጥ ይቻላል፤ ክሮኖስ ፒያኖ ላይ ሳለ ሄዶ የእሱን ክፍል መፈተሽም ይቻላል፤ ሙዚቃው ግን እኛን አይጠብቅም። ሮበርታ ዊሊያምስ በ1989 በሠራችው «ዘ ኮሎኔልስ ቢኩዌስት» ውስጥም የዚህ ጅማሮ አለ፤ እዚያ ምንም ነገር ሳይገባን እስከ መጨረሻው መድረስ እንችላለን፤ በመጨረሻም ጌሙ ያላየነውን ነገር ይጠቁመናል።

በአገራችን አውጫጭኝ ሲቆም የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም ነበር። ነገሩን የሚያወጣው የአንድ ብልህ ሰው ጭንቅላት ሳይሆን፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሌሊት ከቤቱ እንዳልነበረ የሚያውቀው ጎረቤት ነበር። ካዝ ያለበት ባቡርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ፣ መርማሪው የሚያደምጥ ሰው ከሆነ ይበቃል፤ ከባድ ታሪክ ሊኖራቸው የሚገባው በዙሪያው ያሉት ናቸው የሚል ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የድመቷን ነገር የሚከላከል ከእኛም መካከል አይገኝም።

የአንኮበሩን ሐሳብ ግን በግማሹ ብቻ ነው የምቀበለው። ጀርመን የሚኖረውን የጋብርኤልን ታላቅ አጎት ዎልፍጋንግን አስቡት። በጌሙ ውስጥ የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ሕይወቱን ሲሰጥ ግን የሚከብደን፣ ከሴት አያቱ በቀር ዘመድ የለኝም ሲል የኖረው ጋብርኤል ዘመዱን ገና ማወቅ በጀመረበት ቀን ስለሚያጣው ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ክብደት የሚያገኘው የሚጎድልበት መርማሪ ሲኖር ነው። ካዝም ለሟች ጓደኛው እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማው ከሆነ ተጫውተን እናየዋለን፤ ከጓደኞቼ ጋር የምንጀምረው ቀጣዩ ጌም እሱ ስለሆነ፣ እስክንጨርሰው ድረስ የባቡሩን መጨረሻ እዚህ እንዳትጽፉብን እለምናለሁ።