ከወንዝ የወጣ ዳታ ሎገር ከላፕቶፕ ጋር አልገናኝ ብሏል

ጥያቄ፣ ከ«ጉማራ ዳር»
ጤና ይስጥልኝ። ወደ ጣና ሐይቅ በሚገባው የጉማራ ወንዝ ላይ በብረት ቱቦ ውስጥ የሰቀልነው የውኃ ከፍታ መዝጋቢ (ዳታ ሎገር) አለን። በየ15 ደቂቃው ግፊትና ሙቀት እየመዘገበ፣ መረጃውን በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ለማንበቢያው (ከላፕቶፕ ጋር ለሚያገናኘው መሣሪያ) የሚያስተላልፍ ዓይነት ነው። ክረምቱ ሲወጣ አውጥተን ማንበቢያውን በዩኤስቢ ገመድ ብናገናኘውም ሶፍትዌሩ «መሣሪያው አልተገኘም» ከማለት አላለፈም። መረጃው ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፣ ከ«ሽቦና ብየዳ»
ጠፍቷል ለማለት ገና ነው። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ስለሚጽፉ፣ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ እስከዚያ የተመዘገበው በቦታው ይቆያል። በቅድሚያ እንከኑ ከላፕቶፑ እስከ ማንበቢያው ነው ወይስ ከማንበቢያው እስከ ሎገሩ የሚለውን ይለዩ። ማንበቢያውን ብቻውን ሲሰኩት በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማናጀር» (የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ካልታየ ወይም ቢጫ ምልክት ካለበት፣ ችግሩ የድራይቨር (ላፕቶፑ መሣሪያውን እንዲያውቅ የሚያደርገው ፕሮግራም) ወይም የገመድ ነው። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ገመዶች መረጃ አያስተላልፉም፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ግን ከሌላው አይለዩም።

መልስ፣ ከ«ውኃ ለኪ»
እኔ የምጠረጥረው የሎገሩን መስኮት ነው። ጉማራ በክረምት ደለል ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ብርሃን በሚያልፍበት ክፍል ላይ ስስ ጭቃና አልጌ ይጋገራል። በቢላ ሳይፍቁ፣ በሳሙና ውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ፀሐይም ኢንፍራሬድ ስላላት ንባቡን ጥላ ውስጥ ያድርጉት። መገናኘት ሲጀምር ፋይሉን አስቀምጠው፣ ከፍተው የመጨረሻውን መስመር ሳያዩ ሎገሩን እንደገና አያስጀምሩ፤ በብዙዎቹ ላይ ይህ ትእዛዝ የቀደመውን መዝገብ ይሰርዛል። ሰዓቱንም ያመሳክሩ፤ ሎገሩ ሰዓቱን የሚወስደው ከላፕቶፑ ስለሆነ፣ የመስክ ሠራተኛው ደብተሩ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ የጻፈው የከፍታ ንባብ በፋይሉ ውስጥ 9:00 ላይ ነው የሚገኘው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንበቢያው በዲቫይስ ማናጀር ዝርዝር ውስጥ ምንም እንከን ሳይኖርበት ታየ፤ መስኮቱን ጠርገን መኪና ውስጥ ስንሞክረው ፋይሉ ወረደ። ይሁንና ውኃው በቀነሰበት ወቅት እንኳ ከ8 ሜትር በላይ ጥልቀት ያሳያል፤ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም።

መልስ፣ ከ«ውኃ ለኪ»
መሣሪያዎ የሚለካው የውኃውንና የአየሩን ድምር ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ዳር የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ይጠጋል፤ አንድ ሜትር ውኃ ደግሞ 9.8 ኪሎፓስካል ያህል ስለሆነ፣ አየሩ ብቻውን ከ8 ሜትር በላይ ውኃ መስሎ ይታያል። ከውኃ ውጭ የተሰቀለ ሁለተኛ ሎገር ከሌለዎት በአቅራቢያ ካለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ የተመዘገበውን ግፊት ይቀንሱለት። የሚጠይቁት ግን በጣቢያው ላይ የተለካውን ይሁን፤ ለአብራሪዎች የሚነገረው ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ላይ ቢለካ ወደሚኖረው ከፍ ያለ ግፊት የተቀየረ ስለሆነ፣ እሱን ከቀነሱ ጥልቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድብዎት ይችላል።